«ሞተሩ ያልተነካ» የሚለው ሙገሳ

ያገለገለ ሞተር ሳይክል ሊገዛ የሄደ ሰው ከደላላው አፍ መጀመሪያ የሚሰማው ምንድን ነው? «ሞተሩ ያልተነካ ነው» የሚል ነው። ያልተነካ ማለት አልወረደም፣ አልተፈታም፣ የመካኒክ ቁልፍ አላረፈበትም ማለት ነው። ገዢው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፣ ዋጋም ይጨምራል። የሚገርመው ግን እኛ የመካኒካል ተማሪዎች ይህን ያህል ዓመት ቴርሞዳይናሚክስና ማሽን ኤለመንት ተምረን ከደላላው መለኪያ ብዙም አለመራቃችን ነው። ባለፈው ሴሚስተር በወርክሾፕ ክፍለ ጊዜ «ረጅም ዕድሜ ያለው ሞተር ማለት ምን ዓይነት ነው?» ተብለን ስንጠየቅ አብዛኞቻችን የመለስነው «ሳይፈታ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚሄድ» ብለን ነው። እኔም እጄን አውጥቼ ያንኑ ብያለሁ። አሁን ግን ሐሳቤን ቀይሬአለሁና ምክንያቴን በዚህ ቡለቲን ላይ ላስረዳ።

በነገራችን ላይ በእኛ አገር «ሞተር» ሲባል ሞተር ሳይክሉም ሞተሩም ነው። እዚህ ግን ሞተር ያልኩት ሞተሩን ብቻ ነው፤ ለሌላው ሙሉ ስሙን እጠራለሁ።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ነው። በ2011 ዓ.ም. ጎንደር የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አጎቴ በሚሠራበት ሆቴል አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ በሞተር ሳይክል መጥተው ሁለት ቀን አደሩ። ከሱዳን በመተማ በኩል ነበር የገቡት። ሞተር ሳይክላቸው ቢ.ኤም.ደብልዩ. አር 100 አር.ቲ. የምትባል፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የተሠራች፣ ለረጅም መንገድ የታሰበች ናት። ፊቷ በሰፊ የነፋስ መከላከያ ተሸፍኗል፣ ሁለቱ ሲሊንደሮቿ እንደ ክንድ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተዘርግተዋል። 210 ሺህ ኪሎ ሜትር እንደሄደች ነገሩን። አጎቴ ወዲያው «ሞተሩ ያልተነካ ነው ወይ፣ ጠይቃቸው» አለኝ። የኔ እንግሊዝኛ ያኔ የ10ኛ ክፍል ነው፣ የእሳቸውም ከዚያ ብዙ አይሻልም፤ ለመግባባት ጊዜ ወሰደ። ሲገባቸው ሳቁ። «ስንቴ ተነክቷል!» ዓይነት ነገር ብለው ከሻንጣቸው አንድ ደብተር አወጡ። አጎቴ ቅር አለው። እኔ ደግሞ የደብተሩን አንድ ገጽ በአጎቴ ስልክ ፎቶ አነሳሁት፤ ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም። ቁጥር ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ የዳሽን ሳጥን ላይ ተቀምጠው ቫልቮቹን አስተካከሉ። የቫልቭ ክዳኖቹ ወደ ውጭ የወጡ ስለሆኑ ታንኩን ማንሳት የለ፣ ወንበሩን መፍታት የለ። ጥቂት ቁልፎችና አንድ ስስ የክፍተት መለኪያ ምላጭ ይዘው ግማሽ ሰዓት አልፈጀባቸውም። ከዚያ ደብተሩ ላይ ጻፉ፣ ቡናቸውን ጠጡ፣ ሄዱ።

ይህ የሞተር አቀማመጥ ቦክሰር ይባላል። (የሕንዷን ቦክሰር እንዳይመስላችሁ፤ እሷ ስሟ ነው እንጂ ሲሊንደሯ አንድ ብቻ ነው።) ፋብሪካው ለሞተር ሳይክሎቹ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1923 ማክስ ፍሪዝ በነደፈው አር 32 ላይ ነው። ያ 494 ሲ.ሲ. ሆኖ 8.5 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የማወራው ግን በ1969 ስለወጣውና እስከ 1996 ስለተሠራው ትውልድ ነው፤ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ በየሲሊንደሩ ሁለት ቫልቭ ብቻ ያለው። በ1983 ፋብሪካው ኬ 100 የተባለውን ባለ አራት ሲሊንደርና በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ሳይክል ሲያወጣ ትልቁን ቦክሰር በእሱ ሊተካ አስቦ ነበር። ደንበኞቹ ግን አሮጌውን አንለቅም አሉ። አር 100 አር.ቲ. በ1987 እንደገና ወደ ገበያ ተመለሰች።

ለመሆኑ ደንበኛው የወደደው ዕድሜ ከየት መጣ? ብዙ ሰው «የጀርመን ብረት» ይልና ያልፋል። እኔ ካልኩሌተር ይዤ ስቀመጥ ያገኘሁት ሌላ ነው፤ ሞተሩ በአቅሙ ልክ አይሠራም። 980 ሲ.ሲ. ሆኖ የሚሰጠው 70 የፈረስ ጉልበት ነው፣ በሊትር ወደ 71 መሆኑ ነው። 600 ሲ.ሲ. የስፖርት ሞተር ሳይክሎች በሊትር ወደ 200 ያወጣሉ። የፒስተኑ ምት 70.6 ሚ.ሜ. ነው። በአምስተኛ ማርሽ በሰዓት 110 ኪ.ሜ. ሲሄድ ሞተሩ በደቂቃ 4000 ዙር ገደማ ይዞራል፤ አማካይ የፒስተን ፍጥነቱ (ምቱ በሁለት ተባዝቶ፣ በዙሩ ተባዝቶ፣ ለ60 ሲካፈል) 9.4 ሜትር በሰከንድ ይመጣል። እስከ 7000 ዙር ቢወጣ 16.5 ይሆን ነበር። መንገደኛው ቀኑን ሙሉ ሲጓዝ ከሞተሩ የሚጠይቀው ከጉልበቱ ግማሽ በታች ነው።

ከዚሁ ስሌት የሚወጣው ሌላው ቁጥር ግን ያስደነግጣል። በዚያ ፍጥነት አንድ ኪሎ ሜትር ማለት ወደ 2200 ዙር ነው። 210 ሺህ ኪሎ ሜትር ስታባዙበት 460 ሚሊዮን ዙር ገደማ ይሆናል። በባለ አራት ምት ሞተር ቫልቭ በሁለት ዙር አንዴ ስለሚከፈት እያንዳንዱ የቫልቭ መቀመጫ ወደ 230 ሚሊዮን ጊዜ ተመትቷል ማለት ነው። ይህን ያህል ተመትቶ የማይበላ ብረት የለም። እንግዲህ ጥያቄው ያልቃል ወይስ አያልቅም አይደለም። የትኛው ክፍል ቀድሞ ያልቃል፣ ሲያልቅስ ማን ያየዋል ነው።

የታችኛው ክፍል በእውነት ጠንካራ ነው፣ ይህን አልክድም። ክራንክሻፍቱ ከአንድ ወጥ ብረት የተቀጠቀጠ፣ አጭር፣ ከፊትና ከኋላ በሁለት ዋና ብሮንዚን ብቻ የተያዘ ነው። ሁለቱ ፒስተኖች እኩል ወጥተው እኩል ስለሚገቡ አንዱ የሌላውን ግፊት ያጠፋዋል። በብሮንዚኑና በክራንኩ መካከል የዘይት ስስ ሽፋን እስካለ ድረስ ብረት ብረትን አይነካም፤ ጉዳቱ የሚበዛው ሞተር በሚነሳበት ቅጽበት ነው። ለሽርሽር የተሠራ ሞተር ሳይክል ደግሞ ጠዋት ተነስቶ ማታ ነው የሚጠፋው። ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ሲሊንደሩ ውስጥ የነበረው የብረት ላይነር ቀርቶ አሉሚኒየሙ ራሱ በኒኬልና በሲሊከን ካርባይድ ስለተለበጠ የሲሊንደሩም መበላት በጣም ቀንሷል። እነዚህ ሳይነኩ 200 ሺህ ቢያልፉ አይገርመኝም።

ፎቶግራፉ ላይ ያለው ግን የቴስታታው ታሪክ ነው። ገጹ በአራት ዓምድ ተከፍሏል፤ ግራ ማስገቢያ፣ ግራ ማስወጫ፣ ቀኝ ማስገቢያ፣ ቀኝ ማስወጫ። ፋብሪካው የሚያዘው የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ለማስገቢያው 0.10፣ ለማስወጫው 0.20 ሚ.ሜ. ነው። የማስገቢያዎቹ ዓምድ 0.10፣ 0.10፣ 0.11፣ 0.10 እያለ ይወርዳል። የቀኝ ማስወጫው ግን 0.20 ላይ በተመለሰ ቁጥር በሚቀጥለው ልኬት መጀመሪያ 0.17፣ በሌላ ጊዜ 0.15፣ ከዚያ 0.12 ሆኖ ተገኝቷል። 0.12 ሥር በቀይ ተሰምሯል፣ አንድ የማላነበው የጀርመንኛ ቃል አለ፣ ከእሱ በታች ደግሞ 0.20፣ 0.20፣ 0.19።

ያኔ ቁጥር ብቻ የመሰለኝ ነገር ሦስተኛ ዓመት ላይ የውስጥ ማቃጠያ ሞተር ኮርስ ስንወስድ ገባኝ። በቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ ከሌላው ጉዳቱ ጋር አንድ ጥቅም ነበረው፣ የቫልቭ መቀመጫውን በስሱ እየሸፈነ ይጠብቀው ነበር። (እርሳስ ያለው የመኪና ቤንዚን ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ቀረ፤ በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 አቆመች።) በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፋብሪካው እርሳስ አልባ ቤንዚንን አስቦ የመቀመጫውን ብረት ሲለውጥ አዲሱ መቀመጫ ሙቀትን ወደ ቴስታታው በደንብ አላሳልፍ አለ። የማስወጫው ቫልቭ እየተቀጠቀጠ ወደ ውስጥ መስመጥ ጀመረ። ቫልቭ ሲሰምጥ ጫፉ ወደ ሮከሩ ስለሚጠጋ ክፍተቱ ይጠባል። ክፍተቱ ጨርሶ ሲጠፋ ቫልቩ አይዘጋም። የማስወጫ ቫልቭ ደግሞ ሙቀቱን በዋናነት የሚያስረክበው ሲዘጋ ለመቀመጫው ስለሆነ፣ ካልተዘጋ ይቃጠላል። ሽማግሌው ይህን የ0.12ቷ ቁጥር ነግራቸዋለች። ቴስታታው ወረደ፣ መቀመጫው ተቀየረ፣ ታችኛው ክፍል ሳይነካ መንገዱን ቀጠለ። «ያልተነካ» ቢሆን ኖሮ ጎንደር ባልደረሰም ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ለእኔ የጉዳዩ ዋናው እዚህ ነው። የእኛ ሰው ሞተርን የሚመረምረው በጆሮው ነው። «ድምፁ ጥሩ ነው»፣ «ድምፁን አልወደድኩትም» ይላል። ክፍተቱ የሰፋ ቫልቭ ጠቅ ጠቅ ስለሚል ሁሉም ይሰማዋል፣ ብዙ ጊዜ ግን የከፋ ጉዳት ሳያደርስ ይቆያል። ክፍተቱ የጠበበው ግን ዝም ይላል። እንዲያውም ሞተሩ ከድሮው የተሻለ ጸጥ ያለ ይመስላል፣ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይነዳዋል፣ ቫልቩም ይቃጠላል። በጆሮ የሚፈርድ ሰው ደህናውን ይፈታል፣ የታመመውን ይተወዋል።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። ሁለተኛ ዓመት ጨርሼ ክረምቱን ቤት ሳሳልፍ የአጎቴ 125 ሲ.ሲ. ሞተር ሳይክል ጠቅ ጠቅ ትል ነበር። እኔና አንድ የሠፈር ጓደኛዬ (እሱ ኤሌክትሪካል ነው) ተማሪነታችንን ለማሳየት ሞተሩን አወረድነው። ሁለት ቀን ሙሉ ፈታን፣ አጠብን፣ በጋዜጣ ላይ ደረደርን። ፒስተኑ ደህና፣ ፋሻው ደህና፣ ሲሊንደሩ ደህና። የተበላሸ ነገር ስናጣ መልሰን ገጠምነው፤ የድሮውን ጋስኬት አጥበን፣ ቡሎኖቹን በእጃችን ግምት አጥብቀን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቴስታታው ሥር ዘይት ታለቅስ ጀመር፣ ጠቅ ጠቁም አለ። በኋላ አንድ መካኒክ የቫልቭ ክፍተቷን በአሥር ደቂቃ አስተካክሎ ድምፁን አጠፋው፤ የዘይቱን ግን አዲስ ጋስኬት እስኪገባ አልቻለም። አጎቴ «ደህናዋን ተምራችሁ አበላሻችሁብኝ» ያለው እስከ ዛሬ በቤተሰብ መሀል ይነሳል።

ስለዚህ መንካት ሁሉ ጥሩ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ያው ቦክሰር ራሱ ለዚህ ማስረጃ አለው። የዘይት ፊልትሮው ክዳን ላይ አንዲት ነጭ የጎማ ቀለበት አለች። በአሜሪካ ያሉ ባለቤቶች «የ2000 ዶላር ኦሪንግ» ይሏታል። ቀለበቷ ራሷ ርካሽ ናት፤ 2000 ዶላሩ በስህተት ስትገጠም የሚመጣው ሂሳብ ነው። የፊልትሮው ቤት ጥልቀት ሳይለካ፣ የሚያስፈልጋት ስስ የብረት ቀለበት ሳይገባላት ከተዘጋች፣ ግፊት ያለው ዘይት ወደ ብሮንዚኖቹ መሄዱን ትቶ ሞተሩ ውስጥ ወደ ዘይት ማጠራቀሚያው ተመልሶ ይፈስሳል። ውጭ ጠብ የሚል ነገር የለም። መሬቱ ንጹሕ ነው፣ ክራንኩ ግን ያልቃል። በመላው ሞተር ውስጥ ይህች አንዲት ቦታ ክፉ ዲዛይን ናት ብዬ በድፍረት እናገራለሁ፤ ስህተትን ትደብቃለችና።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሌላ የታወቀ ጉዳይ አለ። ሃርሊ ዴቪድሰን ከ1999 ሞዴል ጀምሮ በትልልቅ የጉዞ ሞተር ሳይክሎቹ ላይ ትዊን ካም የሚባለውን ሞተር አስገባ። ሲያዩት የድሮ መልክ አለው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ቪ ቅርጽ ነው። የካም ሰንሰለቶቹን የሚወጥረው በስፕሪንግ የሚገፋ የፕላስቲክ ጫማ ነበር። ሰንሰለቱ ጫማውን እየፋቀ ይበላዋል፣ ፍርፋሪው ከዘይቱ ጋር ወደ ዘይት ፓምፑ ይሄዳል። ክዳኑ ተከፍቶ ካልታየ ከውጭ የሚናገር ነገር የለም። ፋብሪካው በ2006 በአንዱ ቤተሰብ፣ በ2007 በቀሩት ላይ በዘይት ግፊት ወደሚሠራ መወጠሪያ ለወጠው። እነዚህ ሞተሮች ጉልበት አንሷቸው ወይም ብረታቸው ከፍቶ አይደለም የተነቀፉት። የሚያልቀው ነገር በማይታይበት ቦታ ስለተቀመጠ ነው።

«ታዲያ ቫልቭ ማስተካከል የማያስፈልገው ሞተር አይሻልም?» የሚል ጓደኛ አለኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሆንዳ በ1988 ሞዴል ያወጣው ጎልድ ዊንግ ጂ.ኤል. 1500 ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ የቫልቭ ክፍተቱን በዘይት ግፊት ራሱ የሚያስተካክል ነው። ረጅም ዕድሜውም የታወቀ ነው፤ ከቦክሰሩ አያንስም የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እኔም አልከራከርም። ግን እሱም ቢሆን ካሞቹን የሚያዞሩት ሁለት የጎማ ቀበቶዎች ናቸው። ቀበቶው ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቩን ይመታል። ቀበቶ ደግሞ ድምፅ የለው፣ ክፍተት የለው፤ የሚቀየረው መጽሐፉ ባለው ዕድሜ ነው። ያለ ደብተር ጎልድ ዊንግም አያዋጣም ማለት ነው። ልዩነቱ መለዋወጫ በቀላሉ የሚገኝበት አገር ላለ ሰው የተዘጋው ሞተር ይመቻል፣ ከመተማ ወደ ጎንደር ለሚወጣ ሰው በምላጭና በቁልፍ የሚነጋገረው ይሻላል። ሽማግሌው ከቆላው ወደ ጎንደር፣ ወደ 2100 ሜትር ገደማ፣ ሲወጡ አየሩ ስለሳሳ ቤንዚኑ በዝቶ ካንዴላዎቹ ጠቁረውባቸው ነበር። ካንዴላ ፈትተው አይተው፣ ጠርገው፣ መልሰው ገጠሙ። ይህም ደብተሩ ላይ ሰፍሯል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለራሴም ጭምር። 210 ሺህ ኪ.ሜ. የሄደችው አንዲት ሞተር ሳይክል ናት። ከእሷ ጋር በ1982 ከፋብሪካ የወጡት ስንቶቹ በ60 ሺህ ቫልቭ አቃጥለው ተጣሉ? እነሱ ጎንደር አይመጡም፣ ፎቶም አያነሳቸውም። በማሽን ኤለመንት ስለ ቤሪንግ ስንማር ኤል-10 የምንለው ዕድሜ 10 ከመቶው የሚበላሽበትን እንጂ የመጨረሻው ጀግና የደረሰበትን አይደለም። አሮጌ ሞተር ሳይክል የሚያደንቅ ሁሉ (እኔን ጨምሮ) ይህን ይረሳል። ስለዚህ ከሽማግሌው የወሰድኩት የኪሎ ሜትሩን ቁጥር አይደለም፣ የዓምዶቹን ነው።

አሁን ወደ ዲፓርትመንታችን ልመለስ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ሲያግድ በክፍላችን «እንግዲህ የሞተር ትምህርት አለቀለት» የሚሉ ነበሩ። እኔ የማየው በተቃራኒው ነው። አዲስ ካልገባ ያለው ያረጃል፤ ያረጀውን ማን ይለካዋል? ሆኖም የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ስናስገባ የመበላትና የጥገና ጉዳይ ያለበት ርዕስ «ዲዛይን የለበትም» ተብሎ ይመለሳል። በምትኩ ማንም የማይሠራው፣ ወረቀት ላይ ብቻ የሚዞር የቡና መፈልፈያ በየዓመቱ በአዲስ ስም ይነደፋል። መምህራኖቻችንን በአክብሮት የምጠይቀው የቫልቭ ክዳኑን ወደ ውጭ ያወጣው ሰው ዲዛይን አልሠራም ወይ? ያችን ነጭ ቀለበት እዚያ ያስቀመጠውስ ዲዛይን አላበላሸም ወይ? የትኛው ክፍል መቼ እንደሚበላ ሳይለካ ይህን መፍረድ አይቻልም። ስለዚህ ኮሚቴው በሚቀጥለው ዙር ቢያንስ ሁለት ቡድን በመበላት ልኬት ላይ እንዲሠራ ቢፈቅድ እላለሁ። ዕቃ የለም አይባልም። ማይክሮሜትር አለን፤ ገና ከካርቶኑ ያልወጣ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ፣ በዲፓርትመንቱ ውስጥ በእርግጥም «ያልተነካ» ዕቃ ቢኖር እሱ ነው።

እስከዚያው እኔና ሁለት ጓደኞቼ የወርክሾፑን ባለ አራት ሲሊንደር የመለማመጃ ሞተር በኃላፊው ፈቃድ ለክተን ደብተር ከፍተንለታል። ደብተሩ በሩ አጠገብ በገመድ ታስሯል፣ ማንም ሊጽፍበት ይችላል። በመጀመሪያው ልኬት ሦስቱ ማስወጫ ቫልቮች 0.30 አካባቢ ናቸው። የሦስተኛው ሲሊንደር 0.14 ነው። ሞተሩ ሲነሳ ምንም ድምፅ የለውም።